የቼስ ውድድሮች ትናንትና ዛሬ፦ ተወዳዳሪዎችና ወላጆች ሊያውቋቸው የሚገቡ ደንቦችና መብቶች

ቼስ በሁለት ተጫዋቾች መካከል በአንድ ሰሌዳ ላይ የሚካሄድ የአእምሮ ስፖርት ነው። በቤት ውስጥ ወይም በትምህርት ቤት ቅጥር ግቢ በሚደረግ ጨዋታ አለመግባባት ሲፈጠር ተጫዋቾቹ ተነጋግረው ይፈቱታል፤ ካልተስማሙም ጠጠሮቹን ደርድረው እንደገና ይጀምራሉ። በውድድር ላይ ግን ይህ አይቻልም። እያንዳንዱ ጨዋታ የሚመዘገብ ውጤት አለው፤ ውጤቱም የተወዳዳሪውን ደረጃ፣ የሚቀጥለውን ተጋጣሚ፣ አንዳንዴም ክለቡን ወይም አገሩን የመወከል ዕድሉን ይወስናል። በመሆኑም በሰሌዳው ላይ የተሻለ ሆኖ የተገኘ ታዳጊ ደንቡን ባለማወቁ ብቻ ጨዋታውን የሚያጣበት አጋጣሚ ይፈጠራል።

ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት የውድድር ደንቦች በአንድ ጊዜና በአንድ አካል የተጻፉ አይደሉም። አብዛኞቹ በቀደሙ ውድድሮች ለተነሱ ቅሬታዎች ምላሽ ሆነው የመጡ ናቸው። የእያንዳንዱን ደንብ መነሻ የተረዳ ተወዳዳሪ ደንቡ የሚያስከብርለትን መብት በቀላሉ ይለያል። ይህ ጽሑፍ የቼስ ውድድሮችን አመጣጥ በአጭሩ ካስቃኘ በኋላ፣ በውድድር ለመሳተፍ የሚፈልጉ ዜጎችና ልጆቻቸውን የሚያስመዘግቡ ወላጆች አስቀድመው ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦችን ያብራራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሰንጠረዥ እስከ ውድድር አዳራሽ

በኢትዮጵያ ሰንጠረዥ በሚል ስያሜ የሚታወቀው ጥንታዊ ጨዋታ ከዘመናዊው ቼስ ጋር አንድ የዘር ሐረግ አለው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ ዓፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ መጫወታቸው ተመዝግቧል። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስትም ስለ ጨዋታው ታሪክና አጨዋወት ሰፊ ጥናት አሳትመዋል።

ሰንጠረዥን ከሌሎች የሚለየው ዋነኛ ባሕርይ "ወረራ" የሚባለው የመክፈቻ ምዕራፍ ነው። በዚህ ምዕራፍ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ ጠጠሮቻቸውን እንደየፍላጎታቸው ያንቀሳቅሳሉ፤ ተራ በተራ መጫወት የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ከተበላ በኋላ ነው። እንዲህ ያለው ልማድ እርስ በርስ በሚተዋወቁና አንድ ዓይነት ባህል በሚጋሩ ሰዎች መካከል ያለ ችግር ይሠራል። ከተለያየ ቦታ የመጡ፣ የማይተዋወቁ ተጫዋቾች ለሽልማት ሲገናኙ ግን ሁሉንም እኩል የሚገዛ፣ አስቀድሞ የታወቀ ደንብ ያስፈልጋል። የዘመናዊው የቼስ ውድድር ታሪክ በአመዛኙ ይህን ደንብ የማግኘት ታሪክ ነው።

የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ውድድርና የተነሱት ቅሬታዎች

የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የቼስ ውድድር የተካሄደው በ1851 በለንደን ከተማ ነው። ውድድሩ በወቅቱ በከተማዋ ከተከፈተው ታላቅ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ጋር ተያይዞ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ዋና አስተባባሪው እንግሊዛዊው ተጫዋች ሃዋርድ ስታውንተን ነበር። 16 ተጫዋቾች በጥሎ ማለፍ ሥርዓት ተጋጥመው ጀርመናዊው አዶልፍ አንደርሰን አሸናፊ ሆኗል።

ይህ ውድድር ሁለት መሠረታዊ ችግሮችን አሳይቷል። የመጀመሪያው ድልድልን የሚመለከት ነው። ተጋጣሚዎች የተለዩት በዕጣ በመሆኑ ጠንካራ ተጫዋቾች ገና በመጀመሪያው ዙር እርስ በርስ ተገናኝተዋል። በዘመኑ ከታላላቆቹ ተጫዋቾች አንዱ የነበረው ሊዮኔል ኪዘሪትስኪ በመጀመሪያው ዙር ከአንደርሰን ጋር ተደልድሎ ወዲያውኑ ከውድድሩ ወጥቷል። ከእሱ በችሎታ የሚያንሱ ተጫዋቾች ግን ወደሚቀጥለው ዙር አልፈዋል።

ሁለተኛው ችግር ጊዜ ነበር። አንድ ተጫዋች ለማሰብ የሚፈቀድለት ጊዜ ገደብ ስላልነበረው ጨዋታዎቹ እጅግ ይረዝሙ ነበር። ስታውንተን ራሱ ለሦስተኛ ደረጃ በተደረገው ግጥሚያ በኤላይጃ ዊሊያምስ የተሸነፈ ሲሆን፣ ተጋጣሚው በአዝጋሚ አጨዋወት አድክሞኛል በማለት ቅሬታውን አሰምቷል። ቅሬታው ፍትሐዊ ይሁን አይሁን የሚዳኝበት ደንብ በወቅቱ አልነበረም።

ሰዓት በሰሌዳው አጠገብ

ለጊዜው ችግር መፍትሔ የተገኘው ደረጃ በደረጃ ነው። በ1861 አንደርሰንና ኢግናትስ ኮሊሽ በለንደን ባደረጉት ግጥሚያ የአሸዋ ሰዓት ጥቅም ላይ ዋለ። በ1883 በዚያው ከተማ በተካሄደው ታላቅ ውድድር ደግሞ የሁለቱን ተጫዋቾች ጊዜ ለየብቻ የሚቆጥር ባለ ሁለት ገጽ ሜካኒካል ሰዓት ተግባራዊ ሆነ፤ የአንዱ ሲቆም የሌላው ይንቀሳቀሳል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጊዜ እንደ ጠጠሮቹ ሁሉ የጨዋታው አካል ሆኗል።

የሜካኒካል ሰዓቱም የራሱን ችግር አስከተለ። በሰሌዳው ላይ አሸናፊ የነበረ ተጫዋች ጥቂት ሰከንዶች ብቻ ሲቀሩት ጠጠሮቹን ለማንቀሳቀስ እንኳ ጊዜ እያጣ ይሸነፍ ነበር። የቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ቦቢ ፊሸር በ1980ዎቹ መጨረሻ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያገኘበት ዲጂታል ሰዓት ለዚህ መልስ ሰጠ። ሰዓቱ ተጫዋቹ አንድ እንቅስቃሴ ባደረገ ቁጥር የተወሰኑ ሰከንዶችን ይጨምርለታል። ዛሬ በብዙ ውድድሮች ማስታወቂያ ላይ "90 ደቂቃ ሲደመር 30 ሰከንድ" ተብሎ የሚጻፈው ይህን አሠራር የሚያመለክት ነው።

በአሁኑ ወቅት ውድድሮች በጊዜ ርዝመት በሦስት ይከፈላሉ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች 60 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚሰጥበት መደበኛ፣ ከ10 ደቂቃ በላይና ከ60 ደቂቃ በታች የሚሰጥበት ራፒድ፣ እንዲሁም 10 ደቂቃ ወይም ከዚያ ያነሰ የሚሰጥበት ብሊትዝ ይባላል። ተጨማሪ ሰከንድ ካለ በ60 እንቅስቃሴ ተባዝቶ ከመነሻው ጊዜ ጋር ይደመራል። ለምሳሌ "15 ደቂቃ ሲደመር 10 ሰከንድ" የሚል ውድድር 25 ደቂቃ ተብሎ ስለሚቆጠር ራፒድ ነው።

ተጋጣሚ የሚመደብባቸው ሦስት ሥርዓቶች

በድልድል በኩል ዛሬ ሦስት ሥርዓቶች በሥራ ላይ ይገኛሉ። የመጀመሪያው የተሸነፈ የሚወጣበት ጥሎ ማለፍ ነው። ሁለተኛው ሁሉም ከሁሉም ጋር የሚጋጠምበት የዙር ውድድር ሲሆን፣ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ1862 በለንደን ነው። ሦስተኛው በ1895 በስዊዘርላንድ ዙሪክ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራበትና ስሙን ከአገሪቱ የወሰደው የስዊዝ ሥርዓት ነው።

በሥርዓቶቹ መካከል ያለው ልዩነት በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። 64 ተወዳዳሪዎች ቢመዘገቡና ተጋጣሚዎች በአንድ ጨዋታ ቢለዩ፣ ጥሎ ማለፉ በ6 ዙርና በ63 ጨዋታዎች ይጠናቀቃል፤ ነገር ግን ግማሾቹ ተወዳዳሪዎች አንድ ጊዜ ብቻ ተጫውተው ይሰናበታሉ። የዙር ውድድር ቢደረግ ውጤቱ እጅግ አስተማማኝ ይሆናል፤ ሆኖም 63 ዙርና 2,016 ጨዋታዎች ያስፈልጋሉ። በስዊዝ ሥርዓት ለ9 ዙር ቢካሄድ ግን 288 ጨዋታዎች ይበቃሉ፤ ማንም ተወዳዳሪ በመሸነፉ ምክንያት አይሰናበትም።

በስዊዝ ሥርዓት ተወዳዳሪው በየዙሩ የሚመደበው ተመሳሳይ ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ካለው ሌላ ተወዳዳሪ ጋር ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ውድድር ሁለት ጊዜ አይጋጠሙም፤ ነጭና ጥቁር ጠጠር የመያዝ ዕድልም በተቻለ መጠን እንዲመጣጠን ይደረጋል። ድል አንድ ነጥብ፣ አቻ ደግሞ ግማሽ ነጥብ ያሰጣል። የተወዳዳሪዎች ቁጥር ጎዶሎ ሲሆን ተጋጣሚ ላጣው ተወዳዳሪ ሳይጫወት ነጥብ ይሰጠዋል። በመጀመሪያው ዙር የተሸነፈ ተጫዋች ቀጥሎ ባሉት ዙሮች አገግሞ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ሊደርስ ስለሚችል፣ ወላጆች ልጆቻቸው አንድ ጨዋታ በመሸነፋቸው ብቻ ከውድድር እንዲወጡ ሊፈቅዱ አይገባም።

በስዊዝ ውድድር ብዙ ተወዳዳሪዎች እኩል ነጥብ ይዘው መጨረሳቸው የተለመደ ነው። በዚህ ጊዜ የመለያ መስፈርት ተግባራዊ ይሆናል። በስፋት ከሚታወቁት አንዱ ቡክሆልዝ የሚባለው ሲሆን፣ ተወዳዳሪው የገጠማቸውን ተጋጣሚዎች ነጥብ በመደመር ይሰላል፤ ጠንካራ ተጋጣሚዎችን የገጠመ ተወዳዳሪ ቅድሚያ ያገኛል። በ2013 በለንደን በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ተፎካካሪ መለያ ውድድር ማግነስ ካርልሰንና ቭላድሚር ክራምኒክ እኩል 8.5 ነጥብ ይዘው ጨርሰው፣ ካርልሰን ብዙ ጨዋታ በማሸነፉ ብቻ ለሻምፒዮናው ግጥሚያ አልፏል። በዚያው ዓመትም የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። የመለያ መስፈርት በማስታወቂያው ግርጌ የሚጻፍ ቢመስልም የሽልማቱን ባለቤት የሚወስነው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽንና የኩራሳኦ ክርክር

ፊዴ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የቼስ ፌዴሬሽን በ1924 በፓሪስ ተመሠረተ። በ1927 በለንደን የመጀመሪያውን የቼስ ኦሊምፒያድ ያዘጋጀ ሲሆን፣ 16 አገሮች ተሳትፈውበት ሃንጋሪ አሸንፋለች። በዚያው ዓመት ቬራ ሜንቺክ የመጀመሪያዋ የሴቶች የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። የአገሮች ቁጥር እየበዛ ሲሄድ ሁሉንም ከሁሉም ማጋጠም ስላልተቻለ ኦሊምፒያዱ ከ1976 ጀምሮ በስዊዝ ሥርዓት መካሄድ ጀምሯል። በአሁኑ ወቅት ፊዴ ከ190 በላይ አባል ፌዴሬሽኖች ያሉት ሲሆን ኢትዮጵያም አባል ናት፤ ብሔራዊ ቡድኖቿም በኦሊምፒያድ ተሳትፈዋል። በ2024 በቡዳፔስት በተካሄደው ኦሊምፒያድ ሕንድ በክፍት ምድብም ሆነ በሴቶች ምድብ የወርቅ ሜዳሊያ አግኝታለች።

ጠንካራ ተቋም መኖሩ ቅሬታን አላስቀረም። በ1962 በኩራሳኦ ደሴት በተካሄደው የተፎካካሪዎች ውድድር ሦስቱ የሶቪየት ኅብረት ተጫዋቾች ፔትሮስያን፣ ኬሬስና ጌለር እርስ በርስ ያደረጓቸው 12 ጨዋታዎች በሙሉ በአቻ ውጤት ተጠናቀቁ። አራተኛ የወጣው ፊሸር ተጫዋቾቹ ተስማምተው ኃይላቸውን ለሌሎች ተጋጣሚዎች ቆጥበዋል ሲል በይፋ ከሰሰ። ፊዴም ውድድሩን ለረጅም ዓመታት በሁለት ተጫዋቾች መካከል በሚደረግ ግጥሚያ ተካው። በ2013 የዙር ውድድሩ ሲመለስ ከአንድ አገር የመጡ ተጫዋቾች በመጀመሪያዎቹ ዙሮች እንዲጋጠሙ ተደርጓል፤ ይህም በመጨረሻዎቹ ዙሮች ሊፈጠር የሚችለውን መረዳዳት ለመከላከል ነው።

ሬቲንግና ማዕረግ

የተጫዋቾች ብቃት በቁጥር የሚገለጸው ሬቲንግ በሚባለው መለኪያ ነው። ስሌቱን ያዘጋጁት ትውልደ ሃንጋሪ አሜሪካዊው የፊዚክስ መምህር አርፓድ ኤሎ ሲሆኑ፣ ፊዴ በ1970 ተቀብሎታል። ስሌቱ የሚመሠረተው በሚጠበቅ ውጤትና በተገኘ ውጤት መካከል ባለው ልዩነት ላይ ነው። 1,600 ሬቲንግ ያለው ተጫዋች 1,800 ካለው ጋር ሲጋጠም የሚጠበቅበት ውጤት 0.24 ነው። የማባዣ ቁጥሩ 20 ከሆነ ቢያሸንፍ 15.2 ነጥብ ያገኛል፤ አቻ ቢወጣ 5.2 ያገኛል፤ ቢሸነፍ 4.8 ብቻ ያጣል። ለአዲስ ተጫዋቾችና ሬቲንጋቸው ከ2,300 በታች ለሆነ ታዳጊዎች የማባዣ ቁጥሩ 40 በመሆኑ ለውጡ ፈጣን ነው። ስለዚህ ከጠንካራ ተጋጣሚ ጋር መመደብ ለታዳጊ ተጫዋች ከጉዳቱ ጥቅሙ ያመዝናል።

የመጀመሪያ ሬቲንግ ለማግኘት ሬቲንግ ካላቸው ተጋጣሚዎች ጋር ቢያንስ 5 ጨዋታዎችን ማድረግ ያስፈልጋል። ከፍተኛው ማዕረግ ግራንድ ማስተር ሲሆን፣ 2,500 ሬቲንግ ላይ መድረስንና በከፍተኛ ውድድሮች የተቀመጠውን የውጤት መስፈርት ደጋግሞ ማሟላትን ይጠይቃል። ከአፍሪካ ይህን ማዕረግ ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘው በ1993 ቱኒዚያዊው ስሊም ቡአዚዝ ነው።

በጨዋታው ዕለት ሊታወቁ የሚገቡ ደንቦች

በብዙ ውድድሮች አለመግባባት የሚያስነሱ ደንቦች የሚከተሉት ናቸው።

• ተራው የደረሰ ተጫዋች ሆን ብሎ የነካውን የራሱን ጠጠር ማንቀሳቀስ፣ የነካውን የተጋጣሚ ጠጠር ደግሞ መብላት ግዴታው ነው። ጠጠር ለማስተካከል የሚፈልግ ተጫዋች አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት።

• ጠጠሩን ባንቀሳቀሰበት እጅ ሰዓቱን መጫን ይጠበቅበታል።

• በመደበኛ ጨዋታ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ በመመዝገቢያ ቅጽ ላይ ይጻፋል። ቅጹ በኋላ ለሚነሳ ማንኛውም አቤቱታ ዋነኛ ማስረጃ ስለሆነ በጥንቃቄ መሞላት አለበት።

• በመደበኛ ጨዋታ ደንብን የጣሰ እንቅስቃሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲፈጸም ለተጋጣሚው 2 ደቂቃ ይጨመርለታል፤ ያው ተጫዋች ለሁለተኛ ጊዜ ከፈጸመ ይሸነፋል።

• ተመሳሳይ አቋም ሦስት ጊዜ ሲደገም፣ ወይም በሁለቱም ወገን 50 እንቅስቃሴ ወታደር ሳይንቀሳቀስና ጠጠር ሳይበላ ሲያልፍ ተጫዋቹ አቻ የመጠየቅ መብት አለው። መብቱ ካልተጠየቀ ጨዋታው ይቀጥላል።

• አቻ የሚጠየቀው ተጋጣሚን ከሆነ ጠጠሩ ከተንቀሳቀሰ በኋላና ሰዓቱ ከመጫኑ በፊት ነው።

• ጊዜው ያለቀበት ተጫዋች ይሸነፋል፤ ተጋጣሚው በማንኛውም ሕጋዊ መንገድ ማት ሊያደርግ የማይችል ከሆነ ግን ውጤቱ አቻ ይሆናል።

• ያለ ዳኛ ፈቃድ ተንቀሳቃሽ ስልክ ወደ መጫወቻ ሥፍራ ይዞ መግባት የተከለከለ ነው። የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ከሰው ልጅ ብቃት በላይ በመድረሳቸው ደንቡ ጥብቅ ሲሆን፣ ስልክ የተገኘበት ተጫዋች ጨዋታውን ሊያጣ ይችላል።

ወላጆችና አሠልጣኞች በጨዋታ ላይ ላለ ልጅ በቃልም ሆነ በምልክት ምክር መስጠት አይፈቀድላቸውም። የደንብ ጥሰት ያየ ተመልካች ለዳኛው ብቻ ማሳወቅ ይችላል።

ማየት የተሳናቸው ተጫዋቾች ከማንኛውም ተወዳዳሪ ጋር የመጋጠም መብት አላቸው። ጠጠሮቹ ቀዳዳ ላይ የሚሰኩበት፣ ጥቁርና ነጭ ካሬዎቹም በመዳሰስ የሚለዩበት ልዩ ሰሌዳ ይጠቀማሉ። ሰሌዳውን የሚያነቡት በጣታቸው በመሆኑ ለእነሱ አንድ ጠጠር "ተነካ" የሚባለው ከቀዳዳው ሲነቀል ነው። አዘጋጆች ይህን ምቹ ሁኔታ እንዲያሟሉ ተወዳዳሪው በምዝገባ ወቅት ማሳወቁ ተገቢ ነው።

ከመመዝገብ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በኢትዮጵያ የቼስ ስፖርትን የሚመራው የኢትዮጵያ ቼስ ፌዴሬሽን ነው። ለዓለም አቀፍ ሬቲንግ የሚያገለግለው የተጫዋች መለያ ቁጥርም የሚሰጠው በአገር አቀፍ ፌዴሬሽን በኩል ነው። ተወዳዳሪዎች ከመመዝገባቸው በፊት የሚከተሉትን ከአዘጋጁ በጽሑፍ ማግኘት ይኖርባቸዋል።

1. ውድድሩ የሚካሄድበት ሥርዓትና የዙሮች ብዛት፤
2. ለእያንዳንዱ ተጫዋች የሚሰጠው ጊዜና ተጨማሪ ሰከንድ፤
3. ውጤቱ ለሬቲንግ የሚመዘገብ መሆን አለመሆኑ፤
4. እኩል ነጥብ ሲኖር የሚሠራበት መለያ መስፈርትና ቅደም ተከተሉ፤
5. የሽልማት አሰጣጥና የመመዝገቢያ ክፍያው ተመላሽ የሚሆንበት ሁኔታ፤
6. ዘግይቶ ለሚደርስ ተወዳዳሪ የሚፈቀደው ጊዜ፤
7. የዋና ዳኛው ማንነትና ይግባኝ የሚቀርብበት አካል።

በተለይ ስድስተኛው ነጥብ ትኩረት ይሻል። በፊዴ ደንብ መሠረት አዘጋጁ የመዘግየት ጊዜን አስቀድሞ ካልገለጸ የሚፈቀደው ጊዜ ዜሮ ነው። ይህም ማለት ጨዋታው ሲጀመር በቦታው ያልተገኘ ተወዳዳሪ ይሸነፋል ማለት ነው።

ቅሬታ ሲኖር

አንድ ተወዳዳሪ መብቱ እንደተነካ ሲያምን ሰዓቱን አስቁሞ ዳኛ መጥራት ይችላል። ከተጋጣሚው ጋር መከራከር ወይም ከመቀመጫው ተነስቶ መሄድ ለጉዳዩ አይረዳም። በዳኛው ውሳኔ ያልተስማማ እንደሆነ በውድድሩ ደንብ በተቀመጠው ጊዜና መንገድ ይግባኙን ያቀርባል። በውጤት ቅጽ ላይ መፈረም ውጤቱን ማረጋገጥ ስለሆነ የተጻፈውን ሳያነቡ መፈረም አይገባም። ታዳጊዎች ዳኛ መጥራት መብታቸው እንጂ ነውር አለመሆኑን ወላጆች አስቀድመው ሊያስረዷቸው ይገባል፤ ብዙ ልጆች ትልልቅ ሰዎችን ላለማስቸገር ብለው ዝም ሲሉ ነጥባቸውን ያጣሉ።

ደንቦቹ ዛሬም በመሻሻል ላይ ናቸው። በ2020 በበይነ መረብ በተካሄደው ኦሊምፒያድ የፍጻሜ ግጥሚያ ላይ የኢንተርኔት መቋረጥ በሕንድ ተጫዋቾች ላይ በመድረሱ፣ ፊዴ ሕንድንና ሩሲያን በጋራ አሸናፊ ብሎ ለመሰየም ተገዷል። በ1851 ለንደን ላይ ሰዓት አልነበረም፤ በ2020 ደግሞ ግንኙነቱ ተቋረጠ። በሁለቱም ጊዜ ጥያቄው አንድ ነበር፤ ተጋጣሚዎቹ በእኩል ሁኔታ ተጫውተዋል ወይ የሚል ነው። የውድድሩን ደንብ አስቀድሞ አንብቦ ወደ አዳራሽ የሚገባ ተወዳዳሪ ይህን ጥያቄ በትክክለኛው ሰዓትና ለትክክለኛው አካል ማቅረብ ይችላል።